ለወረዳችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ የአንድ አባት ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ምስጋና የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ወረዳ፣ በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት ቤት ለቤት እየዞረች ለምታገለግል አንዲት ነርስ ነው። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚጠራት ሲስተር እላታለሁ።

ወንዱ ልጃችን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ይህን በሰው ፊት ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። እንግዳ ሲመጣ እናቱ ወደ ጓዳ ይዛው ትገባ ነበር፤ ለጠየቀን ሁሉ «አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እንል ነበር፤ ያስመዘገብነው መዋዕለ ሕፃናትም በሁለተኛው ሳምንት «ሌሎቹን ይረብሻል» ብሎ መልሶልናል። ከዘመድ መካከል ልክፍት ነው የሚል ነበር፣ የእናቱ ጥፋት ነው የሚልም ነበር። ባለቤቴ ያንን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ እኔ አንድም ቀን አለመመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሲስተር ቤታችን የመጣችው ስለ እሱ ሰምታ አልነበረም። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመድ ደውለው ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ስላሏት፣ ባለቤቴ የታናሽ እህቱን የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት አስቀርታ ነበርና ያንን ለመጠየቅ ነው የመጣችው። ሳትቆጣና ሳታጣድፈን፣ ወሬው የተነሣው በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በ12 ልጆች ላይ ተሠራ ከተባለ ጽሑፍ መሆኑን፣ ያሳተመው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. እንደሰረዘው፣ የጽሑፉ መሪ ሐኪምም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ እንደተፋቀ አስረዳችን። ልጅቷ በማግሥቱ ተከተበች።

በዚያ መሃል ልጃችን ከጓዳ ወጥቶ ቆርኪዎቹን እንደ ልማዱ በግድግዳው ሥር መደርደር ጀመረ። እኔ ላነሣው ብድግ ስል ሲስተር በእጇ ከለከለችኝና ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስሙን አልጠራችም፣ ፊቱን ወደ እሷ ለማዞርም አልሞከረች፤ ዝም ብላ ብዙ ካየች በኋላ አንድ ቆርኪ አንሥታ ከሰልፉ መጨረሻ አኖረች። አነሣው። ደግማ አኖረች፤ ደግሞ አነሣው። በሦስተኛው ግን ቆርኪውን ገልብጦ እንደ ሌሎቹ ፊቱን ወደ ላይ አደረገና እዚያው ተወው። «ገልብጠሽ አታስቀምጪ እያለኝ ነው» አለች። ልጄ ለሰው የሚናገረው ነገር እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ፣ ከአስተዳደግ ጉድለት እንደማይመጣ፣ የዘር ውርስ በውስጡ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነገረችን። ጠበል እንደምንወስደው ስነግራት አልነቀፈችንም፤ ማሰርና መምታት ግን ፈጽሞ እንዳይኖር፣ ሕክምናውንም እንዳንተው አጥብቃ አሳሰበችን። በሪፈር ወደ ልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ የላከችን፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጆይና ነህምያ የሚባሉ የኦቲዝም ማዕከላት መኖራቸውን ያሳወቀችንም እሷ ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይን እንደከፈቱና ልጃቸውን ሳይደብቁ በአደባባይ ይናገሩ እንደነበር ስትነግረን ባለቤቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ልጇን ጓዳ አስገብታው አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለ እድራችን ነው። የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን በሚታሰብበት በመጋቢት 24 ሰሞን፣ ከወርሃዊው ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ለምና፣ እኛንም አስፈቅዳ፣ ስለ ኦቲዝም አስረዳች፤ አዛውንቶቹ ያቀረቡትን ጥያቄ፣ ይተላለፋል ወይ የሚለውን ጭምር፣ አንድም ሳትንቅ መለሰች። ከዚያ በፊት ልጁ ዕቃ ይነካብኛል እያለ ያባርረው የነበረው ባለሱቅ ዛሬ የለስላሳ ቆርኪ በጣሳ ያጠራቅምለታል። ጎረቤታችን ድግስ ሲኖራቸው ልጁ ጆሮውን እንደሚይዝ ስለሚያውቁ ድምፅ ማጉያውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞሩልናል፤ ማንም አላዘዛቸውም።

እናንተም ልጃችሁ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ካላመለከተ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም የጀመረውን ንግግር ከተወ፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያላችሁ አትጠብቁ። እኛ በመጠበቅ ያባከንነው ጊዜ ብዙ ነው። የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ፤ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ክፍያም የለውም። ስትመጣ ልጁን አትደብቁባት።

ሲስተር፣ ልጃችን ገና በቃል አይናገርም። በር ላይ ድምፅሽን ሲሰማ ግን ጣሳውን ይዞ ይወጣል፤ አንዱን ቆርኪም ለአንቺ አስቀርቶ ይጠብቃል። እኔና እናቱ ከልብ እናመሰግንሻለን።