ሳይከፈት የደረቀው ማስቲሽ፦ የሞተር ጎማ መጠገኛ ሳጥኔ ከወራት በኋላ

የሞተር ሳይክል ጎማ መጠገኛ ሳጥን ልትገዙ ካሰባችሁ ማስቲሹን ጫን አድርጋችሁ እዩት። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ብር ሳትቆጥሩ። ሌላው ብረታ ብረት ነው፤ ብረት የትም አይሄድም።

የምነዳው ቦክሰር የሚባለውን ሞተር ነው። ሥራዬ አርባ ምንጭ ዙሪያ ካሉ የሙዝ ገበሬዎች ጋር ስለሆነ ላንቴና ሼሌ ስመላለስ እውላለሁ። አንዳንዴም ኮንሶ ድረስ እዘልቃለሁ። አካባቢው ቆላ ነው፤ ግራር ባለበት ደግሞ እሾህ አለ። ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ውስጥ እንጂ ሜዳ ላይ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስሄድ ሶማሌ ተራ ገብቼ ሙሉ ሳጥን ገዛሁ። ጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ ፓች፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ በሞተሩ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ፤ ሁሉም አለው። ለወራት መንፊያውን ብቻ ነበር የምጠቀመው። ይጮሃል፣ ግን ይሞላል።

ከዚያ ኮንሶ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አልደነገጥኩም። እንዲያውም ሳጥኔ ሥራ አገኘ ብዬ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎማውን አወረድኩ፣ ካላማዳሪውን አወጣሁ። የጎማውን ውስጥ በእጄ ዳስሼ እሾሁን ነቀልኩ፤ ይህን የረሳ ሰው የጠገነውን ወዲያው መልሶ ያስበሳዋል። ቀዳዳውን በውሃ ፈልጌ አገኘሁት፣ አደረቅኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ማስቲሹን አነሳሁ። አፉ ገና አልተበሳም ነበር፣ በክዳኑ ሹል በሳሁት። ተጫንኩት። ምንም የለም። ከታች ጠቅልዬ ተጫንኩት። አየር ብቻ ወጣ። ተናድጄ በቢላ ቀደድኩት። ውስጡ ያለው የደረቀ ላስቲክ ቁራጭ ነው።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ክዳኑን በደንብ አልዘጋኸውም።» ኧረ አልከፈትኩትም! «ሙቀት ላይ አስቀምጠኸው ነዋ።» የሞተር ዕቃ ሞተር ላይ ካልተቀመጠ የት ይቀመጥልህ? ፍሪጅ ውስጥ? የማስቲሽ ማሟሚያ የሚበንን ነገር ነው። የቱቦው ጀርባ በደንብ ካልታጠፈ፣ ሳይከፈትም ቀስ እያለ በንኖ ያልቃል። ይህን ገዢ ባያውቅ ሻጭ ማወቅ አለበት። የተሠራበትን ቀን ቢጽፉበት ምን ይጎድልባቸው ነበር?

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ግን «ለሁሉም ዓይነት ጎማ» የሚል ነው። እሱም ውሸት ነው። የሳጥኑን ግማሽ የያዘው ለቱብለስ፣ ማለትም ካላማዳሪ ለሌለው ጎማ የሚሆን መወተፊያ ገመድና መሞረጃ ነው። እንደኔ ካላማዳሪ ላለው ጎማ ምንም አይሠራም፤ ገመዱ የውጩን ጎማ ቢደፍን አየር የያዘው ካላማዳሪ እንደተበሳ ነው። ይባስ ብሎ የአክሲሉን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ የለውም። ጎማው ካልወረደ ፓቹ ምን ላይ ሊለጠፍ ነው? ቁልፉ ከሞተሩ ዕቃ ጋር ስለነበረኝ ነው የተረፍኩት።

ያዳነኝ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ወርዶ ሳጥኔን አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው እንዴ?» አለኝ። ከዕቃ ማስቀመጫቸው የማስቲሽ ቆርቆሮ አመጣ። ቀባንና እስኪጠፍፍ ጠበቅን። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ፓች አይዝም። እውነቱን ለመናገር የሳጥኑ ፓች እስካሁን አልለቀቀም። እንደ ንዴቴ ቢሆን ይህን ባልጻፍኩት ነበር።

አሁን ሳጥኑን ትቼ የራሴን ዕቃ አዋቅሬያለሁ። መጀመሪያ የገባው መለዋወጫ ካላማዳሪ ነው። የቦክሰሬ የፊት ጎማ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ስለሆነ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የተጻፉበት አንድ ካላማዳሪ ለሁለቱም ይሆናል። የእናንተን ጎማ ጎኑ ላይ አንብቡት። ሜዳ ላይ ቀይሬ እሄዳለሁ፣ የተበሳውን ከተማ ስገባ ጎሚስታው ይለጥፈዋል። አዲሱን ስታስገቡ ግን ትንሽ አየር ሙሉበት። ባዶውን ከገባ ይታጠፋል፣ ከዚያ በመፈልቀቂያው ብረት ራሳችሁ ትበሱታላችሁ። ፓቹና ማስቲሹ ሁለተኛ እሾህ ለመጣ ቀን ነው። ማስቲሹን ከጎሚስታው ራሱ ነው የገዛሁት፣ ሁለት ትናንሽ፣ በየጊዜው ጫን እያደረግኩ አያቸዋለሁ። ማስቲሽ የማይፈልግ ተለጣፊ ፓች የሚያሳዩኝ ባለሱቆች አሉ። በዚህ ቆላ ሙቀት? ይቅርብኝ።

ሳጥኑን ድጋሚ አልገዛውም፣ ለማንምም ግዛ አልልም። ቱብለስ ጎማ ያለው ሰው ገመዱንና መሞረጃውን ከፈለገ በነፃ እሰጠዋለሁ። መንፊያውን ብቻ ለብቻው የሚሸጥ ካወቃችሁ ግን ጠቁሙኝ፤ ወንድሜም አንድ ይፈልጋል።