የሂንዱ ስም ፍቺ ለማጣራት፦ የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ የሳንስክሪት መዝገበ ቃላት

የሕፃናት ስም በሚዘረዝሩ ድረ ገጾች ላይ «አራቭ» የሚለውን የወንድ ስም ብትፈልጉ «ሰላማዊ» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ የሂንዱ ስሞች በተወሰዱበት በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ግን «አራቫ» ጩኸት፣ ድምፅ ነው። አንዱ ገጽ ከሌላው ስለሚገለብጥ ስህተቱ ይራባል። የጀርመኑ ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የከፈተው መዝገበ ቃላት ከዚህ ያድናል። ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም። ለስም ፍለጋ የሚጠቅመው በውስጡ ያለው የሞኒየር ዊሊያምስ የ1899 እ.ኤ.አ. እትም ሲሆን፣ ፍቺው በእንግሊዝኛ ነው።

አጠያየቁን ለማያውቅ ሰው ግን ወይ ምንም አያወጣም ወይ ሌላ ቃል ይሰጣል። በሂንዲ አነጋገር የስሙ መጨረሻ አጭር አናባቢ ይዋጣል፤ አርጁና «አርጁን»፣ አርናቫ (ውቅያኖስ) «አርናቭ» ይባላል። በላቲን ፊደል ስትጽፉ መጨረሻው ላይ ኤ መልሱበት። የአናባቢ ርዝመትም ወሳኝ ነው። በእኛ ፊደል «ራማ» ብለን የምንጽፈው፣ ፊተኛው አናባቢ ሲረዝም ራማያና የተባለው ጥንታዊ የህንድ ተረክ ጀግና፣ ኋለኛው ሲረዝም ደግሞ የአምላኩ የቪሽኑ ሚስት የላክሽሚ ስም ነው። ሀርቫርድ ኪዮቶ በሚባለው፣ ሳንስክሪትን በላቲን ፊደል በሚጽፈው ስልት ረጅሙ አናባቢ በትልቁ ኤ ይጻፋል፤ ሺቫ የሚጀምረውም በኤስ ሳይሆን በዜድ ነው። ይህን ሁሉ መሸምደድ ለማይፈልግ፣ ስሙን ከሂንዲ ጽሑፍ ቀድቶ መግቢያውን «ዴቫናጋሪ» (ሂንዲ የሚጻፍበት ፊደል) ላይ ማድረግ ይሻላል። በዚያ ፊደል የተዋጠው አናባቢ ራሱ አለ፤ መጨመር አያስፈልግም።

ውጤቱ ሲመጣ አኅጽሮቶቹን እዩ። ኤን ከነጥብ ጋር ካለ የሚከተለው የተጸውዖ ስም ነው። ኤል ከነጥብ ጋር ካለ ፍቺው የተገኘው ከጥንት የህንድ የቃላት ዝርዝሮች ብቻ ስለሆነ፣ የስም ትርጉም ብሎ በእሱ ላይ መደገፍ አይገባም። ስም ዘርዛሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ይህን ምልክት ዘለው ከረጅሙ ዝርዝር ደስ ያላቸውን ሲመርጡ ነው።

መዝገበ ቃላቱ የማይደርስበትም አለ። «አርጁና»ን ብትጠይቁት ነጭ፣ ብሩህ፣ የብር ቀለም ያለው ይላችኋል፤ ልክ ነው። ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የህንድ ተረክ ውስጥ ግን ልዑል ኡታራ ጀግናውን አርጁናን አሥሩን ስሞቹን እንዲያብራራለት ይጠይቀዋል። «አርጁና» የተባለው መልኩ በምድር ብርቅ፣ ሥራውም ንጹሕ ስለሆነ እንደሆነ ይነግረዋል። «ፋልጉና» በተወለደበት ኮከብ የወጣለት ነው። ከአሥሩ አንዱ ደግሞ «ክሪሽና» ነው፤ ጥቁር ማለት ነው! ብሩህም ጥቁርም የአንድ ሰው ስም መሆናቸው ለሂንዱ አንባቢ አይጋጭም፤ ስሙ የቆዳ ቀለም መግለጫ ብቻ አይደለምና። ይህን ውበት ከቃል ፍቺ ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ ታሪኩን ማንበብ ግድ ነው።

ናማካራና የሚባለው የስም ማውጣት ሥርዓትም ከመዝገበ ቃላቱ ውጭ ነው። ብዙ ቤተሰቦች ከፍቺው በፊት የሚያዩት የመጀመሪያውን ድምፅ ነው። ጨረቃ በሰማይ የምታልፍባቸው 27 ክፍሎች፣ «የጨረቃ ማረፊያዎች» የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው ለአራት ይከፈላሉ፤ 108 መነሻ ድምፆች ይወጣሉ፤ ሕፃኑ ሲወለድ ጨረቃ የነበረችበት ክፍል ፊደሉን ይሰጣል። ስለዚህ «ለምን ይህን ስም አወጡለት?» ለሚለው የፍቺ መልስ ላይኖር ይችላል።

የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ሞኒየር ዊሊያምስ በኦክስፎርድ የያዘው «ቦደን» የተባለው የሳንስክሪት ፕሮፌሰርነት ወንበር ህንዶችን ወደ ክርስትና ለመሳብ እንዲረዳ የተቋቋመ ነበር፤ የአማልክት ስሞች ላይ የሰጠውን ማብራሪያ ስታነቡ ይህን አትርሱ። የቃላቱ ፍቺ ግን አሁንም የሚታመን ነው። ታሚል ከሳንስክሪት የተለየ የደቡብ ህንድ ቋንቋ ስለሆነ፣ እንደ «ሙሩጋን» ያሉ የታሚል ስሞችን እዚህ አትፈልጉ። ለእነሱ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ያለው የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የታሚል መዝገበ ቃላት ይሻላል፤ እሱም በነፃ ነው።