«ባኦ»፦ እማዬን ዝም ያሰኘ ካርቱን

እሁድ ደሴ ቤታችን ቡና ተፈልቶ «ባኦ»ን በስልኬ ለእማዬ ከፈትኩላት። የፒክሳር አጭር አኒሜሽን ነው፣ ዳይሬክተሯ ዶሚ ሺ፣ ስምንት ደቂቃ ገደማ፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ፣ ኦስካርም የወሰደ። ንግግር የለውም፤ ከማስተርጎም ተገላገልኩ።

ቶሮንቶ የምትኖር ቻይናዊት እናት በእንፋሎት ያበሰለችው ትንሽ ዳቦ ነፍስ ይዘራና ልጇ ይሆናል። ያድጋል፣ ያኮርፋል፣ ጺም ያወጣል፣ እጮኛ ይዞ ይመጣል። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ትታገለውና ዋጥ! «ውይ፣ በላችው!» አለች እማዬ ስኒዋን እንደያዘች። እውነት ለመናገር እኔም ዘገነነኝ፣ ትንንሽ ልጆች ሊደነግጡ ይችላሉ።

ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጉዱ። እውነተኛው ልጇ ይመጣል፣ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳቦ እያኘኩ ያለቅሳሉ። እዚህ ጋ እማዬ ዝም አለች። ወንድሜ ጅዳ ነው፤ ሰው ባገኘች ቁጥር በሶና በርበሬ ትልክለታለች፣ እሱ ደግሞ «አትልፊ፣ እዚህ ሁሉም አለ» ይላታል።

ቅሬታዬ? አባትየው ከነመኖሩም አያስታውቅ።

«እስኪ ዳቦውን የሚበሉበትን መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። «ለሱም ላክለት።»