የትራያል ጎማዬ ከ9 ወር በኋላ፦ ንፋሱ፣ ጠርዙ እና ቆረጣው

መስከረም ላይ የሞተሬን የኋላ ጎማ በአዲስ ቀየርኩ። አሁን ሰኔ ገብቷል። በእነዚህ 9 ወራት ውስጥ 31 ቀን ወጥቼበታለሁ። እያንዳንዱን ቀን ትንሽ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፦ የት እንደሄድኩ፣ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የጎማው ንፋስ ስንት እንደነበር፣ ማታ ሳጥበው የጎማው ጥርስ ምን እንደሚመስል። አዲስ የትራያል ጎማ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ጥሩ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ስፖርቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ትራያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። በድንጋይ፣ በጅረትና በግንድ ላይ የተከለለ አጭር መንገድ አለ። እሱን እግር መሬት ሳያስነኩ በሞተር ማለፍ ነው ሥራው። አንዴ እግር ካወረዳችሁ 1 ነጥብ ይያዝባችኋል። ጨርሶ ካልተሳካላችሁ 5። ትንሽ ነጥብ የተያዘበት ያሸንፋል። ሞተሩ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቆመው ነው የሚነዱት። ፍጥነት ስለሌለ እንቅፋቱን ዘለው አያመልጡትም። ድንጋዩን የሚይዝላችሁ ጎማው ብቻ ነው።

የእኔ ሞተር ቤታ ኢቮ 250 ነው። የኋላው ጎማ ሚሽሊን ኤክስ-ላይት ሲሆን 18 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ፣ ራዲያል፣ ከመነዳሪ የሌለው ነው። የፊቱ 21 ኢንች ነው፤ እሱ ከመነዳሪ አለው። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ነው። የምነዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በፒክ ዲስትሪክት፣ ክለባችን ፈቃድ ባገኘባቸው መሬቶች ላይ ነው።

ድንጋዩን መጀመሪያ መግለጽ አለብኝ፣ ምክንያቱም የጎማው ታሪክ ከእሱ ይጀምራል። በዚህ አካባቢ ያለው ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሌላው ግሪትስቶን የሚሉት ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ድሮ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡት ከእሱ ነበር። ተጠርበው ሳይወሰዱ የቀሩ ክብ የወፍጮ ድንጋዮች ዛሬም ከገደሉ ሥር ወድቀው ይታያሉ። እህል እንዲፈጭ የተመረጠ ድንጋይ ነው እንግዲህ። ለስላሳ ጎማ እላዩ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

አሁን ወደ ንፋሱ።

በመኪና ጎማ ውስጥ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ገደማ ንፋስ አለ። እኔ ኋላ የምሞላው 4 ነው። ፊት 6። መጀመሪያ የሰማ ሰው ተነፍሷል ይላል። ነገር ግን በዚህ ልክ ሲለሰልስ ነው የጎማው ሆድ በድንጋዩ ቅርጽ ላይ የሚተኛው። በ10 ፒኤስአይ አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ድንጋዩን ይነካል። በ4 ግን ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ ያቅፈዋል። የራዲያል ጎማ ጎኑ ቶሎ ስለሚታጠፍ ይህ ይበልጥ ይሠራለታል።

ጥቅምት ላይ አንድ ሙሉ ቀን ለዚህ ብቻ ሰጠሁ። ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል የግሪትስቶን ደረጃ መረጥኩ። በ6፣ በ5፣ በ4 እና በ3 ፒኤስአይ አሥር አሥር ጊዜ ሞከርኩት። በ6 አራቴ ወጣሁ። በ5 ሰባቴ። በ4 ዘጠኜ። በ3 ስምንቴ ወጣሁ፤ ግን ሁለት ጊዜ ቸርኬው ድንጋዩን ሲመታ በእጀታው በኩል ተሰማኝ። ዘንበል ባለ ድንጋይ ላይ ደግሞ 3 ፒኤስአይ ሌላ ጣጣ አለው። ጎማው ወደ ጎን ይታጠፍና ሞተሩ ከሥራችሁ የሚሸሽ ይመስላችኋል። ስለዚህ የእኔ ቁጥር 4 ሆነ። ጭቃ ሲሆን ወደ 5 አካባቢ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ጥርሱ ከመተኛት ይልቅ ወደ ውስጥ ይነክስልኛል። እኔ 74 ኪሎ ነኝ። ከእኔ የሚከብድ ሰው ግማሽ ወይም አንድ ፒኤስአይ ይጨምር።

የፊቱን ከ6 በታች አላወርድም። ከመነዳሪ ስላለው፣ ንፋሱ ሲያንስ ድንጋይና ቸርኬ መሀል ተቆንጥጦ ይበሳል። በዚያ ላይ መሪው ይሰንፋል።

ግን 4 ነው ያልኩት በእርግጥ 4 ነው? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልነበረም። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ርካሽ የንፋስ መለኪያ ነበረኝ፣ እስከ 60 የሚያነብ የመኪና መለኪያ። እንዲህ ያለ መለኪያ በ1 ወይም 2 ፒኤስአይ ቢሳሳት ለመኪና ምንም አይደለም። በ4 ላይ ግን የንፋሱ ሩብ ወይም ግማሽ ነው። የክለብ ጓደኛዬ እስከ 15 ብቻ የሚያነብ መለኪያ ሲያውሰኝ፣ የእኔ «4» በእሱ 6 ሆኖ ተገኘ። የጥቅምቱን ሙከራ ያደረግኩት ከዚያ በኋላ፣ በትክክለኛው መለኪያ ነው። ለዚህ ስፖርት አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የምትችሉ ቢሆን ዝቅተኛ ንፋስ የሚለካ መለኪያ ግዙ። ከአዲስ ጎማ በፊት።

ብርዱን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት 4 ፒኤስአይ ሞልታችሁ 5 ዲግሪ ወደሆነ ሜዳ ብትወጡ፣ ጎማው ውስጥ የሚቀረው 3 ገደማ ነው። ማንም ሳይነካው ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። በዚያው ብርድ የመኪና ጎማ ከ32 ወደ 29 ተኩል ነው የሚወርደው፤ ሾፌሩ ልብ አይለውም። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ጎማው ለምን እንደሚታጠፍብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ሙቀት ሳይ ነው። አሁን የምሞላው ሜዳው ላይ ደርሼ፣ ሞተሩን ከመኪና አውርጄ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቄ ነው።

ከፍታም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። ቤቴ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የምንነዳበት አንዱ ኮረብታ 450 ይደርሳል። በዚያ ብቻ መለኪያው ከግማሽ ፒኤስአይ በላይ ጨምሮ ያነባል፣ ምክንያቱም የውጪው አየር ይሳሳል። ይህን ሳሰላ አዲስ አበባ ትዝ አለችኝ። ባሕር ጠለል ላይ 4 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱና ስፋቱ ሳይቀየር አዲስ አበባ ቢወጣ ከ7 በላይ ያነባል። አገር ቤት ትራያል ሞተር ይዞ የሚገባ ካለ፣ ከአውሮፕላን እንዳወረደ መጀመሪያ ንፋሱን ይለካ።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። የዚህ ሁሉ ወር ትልቁ ትምህርቴ እዚህ ላይ ነው።

ጎማ አለቀ ስንል አብዛኞቻችን የምናየው የጥርሱን ቁመት ነው። ሊሾ ሲሆን እንጥለዋለን። የትራያል ጎማ ግን ሊሾ ከመሆኑ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው የሚሞተው። የሚሞተው ጠርዙ ሲዶለዱም ነው። አዲስ ጥርስ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙን በጥፍራችሁ ስታስነኩት ይቧጥጣል። ጋዝ ስትሰጡ ድንጋዩ ላይ የሚነክሰው ያ ጠርዝ ነው። የኋላ ጎማ ላይ የሚጎዳው፣ ጎማው ሲዞር ቀድሞ መሬት የሚነካው ጠርዝ ነው፤ ግፊቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የፊት ጎማ ላይ ግን ሥራው ፍሬን ስለሆነ ተቃራኒው ጠርዝ ይበላል።

በእኔ ጎማ ላይ የመሀለኛው ረድፍ ጠርዝ መክበብ የጀመረው በ9ኛው ቀን ነው። በ18ኛው ቀን እርጥብ የኖራ ድንጋይ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ቁመቱን ስለካው ግን ያለቀው 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሩቅ ያየው ሰው ገና አዲስ ነው ይለዋል።

ከዚህ ጥፋት ውስጥ የእኔ ድርሻ የቱ እንደሆነም ደብተሩ ይናገራል። ኅዳር ላይ መንገዶቹ በአስፋልት የተገናኙበት ረጅም ትራያል ነበረን። አስፋልት ላይ ንፋሱን ጨምሬ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። እንዲያም ሆኖ ያ አንድ ቀን ከአራት የጭቃ ቀን በላይ በልቶታል። ሁለተኛው ጥፋት ጋዝ ነው። ጎማው ግሪትስቶን ላይ በባዶ መሽከርከር ሲጀምር ጋዝ ካልቀነሳችሁ፣ በሁለት ሰከንድ የላስቲክ ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ጠርዛችሁ ነው። ፍሪሲዮን በጣት መያዝ ከለመድኩ ወዲህ ጎማዬም ረጋ ብሎ ያልቃል።

በ19ኛው ቀን ጎማውን ገለበጥኩት። ይህ የድሮ የትራያል ሰዎች ዘዴ ነው። ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ ግራውን ወደ ቀኝ ማዞር። ሳይነካ የቆየው ስል ጠርዝ አሁን ሥራ ላይ ይውላል። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ስለሆነ ከቸርኬው ማላቀቁ ጉልበት ይጠይቃል፣ መልሶ አየር እንዲይዝ ማድረጉም እንዲሁ። የሳሙና ውሃ በደንብ ቀቡት። ቦታው ሲገባ «ጧ» ብሎ ይጮኻል፤ ለማስገባት የምትሞሉት ንፋስ ጎኑ ላይ ከተጻፈው መጠን አይለፍ። የማዞሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ከሆነ ደግሞ ከገለበጣችሁት በኋላ ለልምምድ ብቻ አድርጉት፣ አስፋልት ላይ አትውጡበት። በቤታችሁ መሣሪያ ከሌለ ጎሚስታ ጋ ውሰዱት፤ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ግልበጣው ሌላ 7 ጥሩ ቀን ሰጠኝ።

ከዚያ ቆረጣው መጣ። ቆረጣ ማለት የዶለዶመውን ጠርዝ ቀጭን አድርጎ መላጥና ጥርሱን እንደገና አራት ማዕዘን ማድረግ ነው። ሰዎች በሁለት መንገድ ይሠሩታል፦ በግራይንደር በቀጭን ዲስክ ወይም በስል ከተር። ሁለቱንም ሞከርኩ። ግራይንደር ፈጣን ነው፣ ግን ላስቲኩን ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ፊት ደረቅና አንጸባራቂ ሆኖ ይቀራል። አቧራውም መጥፎ ነው። መነጽር፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳታደርጉ አትሞክሩት፤ ሞተሩም ጠፍቶ፣ ጎማውም በእጅ ብቻ የሚዞር ይሁን። እኔ የመረጥኩት ከተሩን ነው። ምላጩን በሳሙና ውሃ እያረጠብኩ፣ በየሃያ ጥርሱ ምላጭ እየቀየርኩ፣ የመሀሉን ረድፎች ብቻ ቆረጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከሥር 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ማቆም ግዴታ ነው። ምላጩ የጎማውን ሆድ ከነካ ክሩ ይቆረጣል፣ ጎማውም አብቅቶለታል።

ውጤቱስ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደስ አለኝ። እርጥብ ድንጋይ ላይ የድሮው ንክሻ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ቀነሰ። በአምስተኛው ቀን ካልተቆረጠው ብዙም አይለይም ነበር። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ጥርሱ ሲላጥ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ጥርስ ጋዝ ሲሰጠው ወደ ኋላ ይተኛል፣ የተኛ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይዶለዱማል። ሁለት ጥርስ ከሥራቸው መቀደድ ጀምረዋል።

ስለዚህ እኔ ዳግመኛ ከመቁረጤ በፊት አስባለሁ። ጎማው ተገልብጦ ካለቀና ገና የምትለማመዱበት አንድ ወር ከቀራችሁ፣ አንዴ ቁረጡት፣ ይጠቅማችኋል። ለውድድር ብላችሁ ከሆነ ግን የክለባችሁን የጎማ ደንብ አንብቡ፤ በእጅ የተነካካ ጎማ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። አዲስ ጎማ ላይ፣ ገና ሳይነዱበት ጥርስ የሚቆርጡ ልጆችንም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ከፋብሪካ የወጣውን ያህል ስል ጠርዝ በከተር አይገኝም።

ለዚህ ጎማ ከ100 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው የከፈልኩት። ለ31 ቀን ሲካፈል አልቆጨኝም። ቀሊል ነው፣ ጎኑ ይለሰልሳል፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ዛሬም ያምነኛል፣ እኔም አምነዋለሁ። እርጥብ ላይ ግን ጊዜው አልፏል። ከዛሬ ጀምሮ የልምምድ ጎማ ነው።

አዲሱን ትናንት አዘዝኩ፣ ያንኑ ዓይነት። ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ጎኑ ላይ ያሉትን 4 ቁጥሮች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይደርቃል። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ሳልገጥመው እመልሰዋለሁ።