«እርጅና ነው» ብላ ላልሸኘችን ሲስተር

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ሰነፍኩ። ይቅርታ ሲስተር።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ትንሽ ሲራመዱ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል፣ ሲቀጥሉ ይመለሳል። መጀመሪያ የወሰድናቸው ቦታ (ስሙ ይቅር) እግራቸውን እንኳ ሳያዩ «እርጅና ነው፣ ቫይታሚን ይውሰዱ» ብለው ሸኙን። እኛም አመንን። አባባ ቫይታሚን ኢ ይውጣሉ፣ በላዩ ሲጋራቸውን ያጨሳሉ።

በኋላ የደም ሥር ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ያገኘናት ይህች ነርስ ናት። የመጀመሪያ ቃሏ «አባባ፣ ካልሲዎን ያውልቁልኝ» ነበር። የእግራቸውን ትርታ በጣቷ ፈለገች። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጄል ቀብታ ትንሽ መሣሪያ ስታስጠጋ ደሙ «ሹው፣ ሹው» ሲል ሰማን። የቀኙ ድምፅ ደከም ያለ ነው። የክንዳቸው ግፊት 150፣ የቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው 105። የቁርጭምጭሚቱን ለክንዱ አካፈለችው፣ 0.7 መጣ። ከ0.9 በታች ከሆነ የእግር ደም ወሳጅ ቧንቧ ጠብቧል ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው ምርመራው። አያምም፣ ጊዜም አይፈጅም።

«ታዲያ ዝጓል በይኛ!» አሉ አባቴ። ሳቀች። ግማሹን አግኝተዋል አለቻቸው፣ እንዲህም አስረዳችን።

የደም ሥር ግድግዳ እንደ ብረት ሙት አይደለም። ውስጠኛው ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመረተ ቧንቧውን ያላላል። (የዚህ ግኝት ባለቤቶች በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል።) ዕድሜ ሲገፋ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት ቁጡ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይበዙና ያንን ጋዝ ይበሉታል፤ ቧንቧው ይደርቃል። ግድግዳው ውስጥ የገባውን መጥፎ ኮሌስትሮልም ያበላሹታል። ነጭ የደም ሴሎች የተበላሸውን ሊያጸዱ ይመጣሉ፣ ውጠው ውጠው ያብጣሉ፣ እዚያው ይቀራሉ። ክምሩ በዓመታት ያድጋል። ሲጋራ፣ ስኳርና ደም ግፊት ደግሞ ያፋጥኑታል።

«እንግዲያው ፍሪ ራዲካልን ይከላከላል የሚባለው ቫይታሚን ኢ ማርከሻ ነዋ?» አልኩ እኔ፣ አዋቂ መስዬ። አይደለም አለች። በ2000 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣ ጥናት፣ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ9,000 በላይ ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ከድንገተኛ የልብ ጥቃትም ከስትሮክም አልዳኑበትም። «ጭሱ እየገባ ክኒን መዋጥ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው» ስትል አባባ አቀረቀሩ።

ሐኪሙ የኮሌስትሮልና የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት አዘዙ። እሷ ደግሞ አረማመድ አስተማረቻቸው፦ እስኪያም መራመድ፣ ማረፍ፣ ደግሞ መቀጠል። ሕመሙን ፈርቶ መቀመጥ የለም። ሁለቴ ደውላ «ሲጋራውስ?» ብላ ጠይቃለች። ሦስተኛው ላይ አባባ ራሳቸው ደወሉላት። ካቆሙ 40 ቀናቸው ነበር።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ሲራመድ ባቱን የሚይዘው ሰው ቤታችሁ ካለ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ያለችበትን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይሁን።