የሚሞት ሴል ለመለየት፦ ኳንተም ዶት ወይስ ፊትሲ?

በ2023 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል በኳንተም ዶት (ብርሃን ሲመታው የሚያበራ፣ በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣት) ሥራቸው ለባዌንዲ፣ ለብሩስና ለኤኪሞቭ ከተሰጠ ወዲህ የላብ ጓደኞቼ «ኳንተም ዶት ልግዛ እንዴ?» ማለት አብዝተዋል። ሥራችሁ ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት አሳልፎ ብርሃናቸውን የሚለካ ማሽን) ላይ ከሆነ መልሴ አጭር ነው፦ ፊትሲ (FITC፣ የተለመደው አረንጓዴ አብሪ ቀለም) ግዙ፣ የተረፈውን ብር ለሌላ አድርጉት።

ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ሴሉ በአፖፕቶሲስ (ራሱን በሥርዓት በሚያጠፋበት ሂደት) መሞት ሲጀምር ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የነበረው ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለ ቅባት ወደ ውጭ ይወጣል፤ አኔክሲን ፋይቭ የተባለው ፕሮቲን እሱ ላይ ይጣበቃል። የምትመርጡት አኔክሲኑ የሚሸከመውን አብሪ ብቻ ነው።

ዋጋውን በኪት አትዩት፣ በዙር አስሉት። አንድ ዙር ይህ ነው፦ ያልተቀባ፣ አኔክሲን ብቻ፣ ፒአይ (ሽፋኑ የተቀደደ ሴል ውስጥ የሚገባ ቀለም) ብቻ፣ አንድ አንድ ቱቦ፤ ከዚያ መድኃኒት ያገኘውና ያላገኘው ሦስት ሦስት ቱቦ። አኔክሲን የሚገባው ሰባቱ ውስጥ ነው፤ «100 ምርመራ» የተባለው ኪት 14 ዙር ሠርቶ አለቀ ማለት ነው። ኳንተም ዶቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ አይመጣም፦ ባዮቲን ያለው አኔክሲን ለብቻ፣ ባዮቲኑን አጥብቆ የሚይዘውን ስትሬፕታቪዲን የለበሰው ዶት ለብቻ። ሁለት ብልቃጥ፣ ሁለት ዋጋ፣ ሁለቱም በቅዝቃዜ የሚጓጓዙ። በዚያ ላይ በደንብ የሚያበራው በ405 ናኖሜትር ሌዘር ነው፤ ማሽናችሁ 488 ብቻ ካለው ሌዘር ማስጨመሩ የሪኤጀንቱን ዋጋ ያስረሳችኋል።

ርካሹን ኳንተም ዶትስ? ለላባችን የመጣ አንድ ብልቃጥ መንገድ ላይ በረዶ ሆኖ ኖሮ ሥሩ ላይ ብርቱካንማ ዝቃጭ ነበረው። ሻጩ በአልትራቫዮሌት ባትሪ አብርቶበት «ያበራል እኮ!» አለን። ማብራቱንማ ያበራል፤ ግን ተጓጉሎ መስታወቱም ላይ፣ ጤነኛው ሴልም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ ዝቃጩን እዩ፣ ከዚያ መድኃኒት ያልነካው ሴል ላይ ሞክሩት። ያ ጤነኛ ሴል ሁሉ ካበራ ብልቃጡን መልሱት።

ኳንተም ዶት ገንዘቡን የሚያወጣው ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ያንኑ ሴል ለሰዓታት ስትከታተሉ ፊትሲ ብርሃን በበዛበት ቁጥር ይደበዝዛል፤ ዶቱ ግን ይቆያል። ካድሚየም ያለበት ከሆነ ቆሻሻውን ሲንክ ውስጥ አትድፉ።

የትኛውንም ብትገዙ ኢዲቲኤ (ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል) ያለው ትሪፕሲን (ሴሉን ከሳህኑ የሚያላቅቅ ኢንዛይም) ተጠቅማችሁ ሴሉን በደንብ ካላጠባችሁ ኪሳራ ነው፤ አኔክሲን ያለ ካልሲየም አይጣበቅም። አኔክሲኑ የሚጣበቅበትን ባፈር ደግሞ አትግዙ፣ ራሳችሁ አዘጋጁት፦ 10 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ 140 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2.5 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 7.4።