የድሮ ጨዋታዎችን ሙሉውን የሚያሳየው የደብረ ማርቆሱ ዲኤስቲቪ ቤት

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰው ከቅዳሴ ከተመለሰበት ሰዓት አንሥቶ የከሰዓቱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እስኪገባ ድረስ፣ የድሮ ጨዋታዎችን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሳይቆራርጥ ማሳየት ጀምሯል። ዝግጅቱ የታሰበው ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ማን ይበልጣል ለሚለው የማያልቅ ክርክር ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ተጫዋች ይመረጥና ስሙ የገነነበት ጨዋታ ይታያል፣ ቀጥሎም ሙግት ይከፈታል። መግቢያው ከተለመደው ዋጋ ያነሰ ሲሆን ሻይና ቆሎ ለብቻቸው ይከፈላሉ።

የዝግጅቱ ዋና ጥቅም ሙሉ ጨዋታ ማሳየቱ ነው። አብዛኞቻችን ፔሌንም ሆነ ማራዶናን የምናውቃቸው በስልክ ባየናቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በመሆኑ፣ ማወዳደራችን አንዱን ጎል ከሌላው ጎል፣ አንዱን አብዶ ከሌላው አብዶ ከማስተያየት አያልፍም፤ ተጫዋቹ ኳስ ሳይነካ የት ይቆም እንደነበር፣ ስንት ኳስ እንዳበላሸ፣ ምን ያህል እንደተረገጠ አናውቅም። ይህን ክፍተት ከሁሉ በላይ የሞላው እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1986 በአዝቴካ ስታዲየም አርጀንቲና እንግሊዝን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ የታየበት እሑድ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል የተጠናቀቀና አሰልቺ የሚመስል ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶችም "ወደ ጎሉ አሳልፉልን" እያሉ ነበር። ባለቤቱ አለማሳለፋቸው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም እንግሊዛዊው ተከላካይ ቴሪ ፌንዊክ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማራዶና ላይ በሠራው ጥፋት ቢጫ ካርድ ሲያይ ያልተመለከተ ሰው፣ ያው ተከላካይ በ55ኛው ደቂቃ ማራዶና ከራሱ ሜዳ ተነሥቶ ሲመጣበት፣ ሁለተኛ ቢጫ ከሜዳ ስለሚያስወጣው፣ ለምን ጎትቶ እንዳልጣለው አይገባውም። ያ ጎል በቪዲዮ ቁራጭ ሲታይ የእግር ተአምር ብቻ ይመስላል፤ ከጨዋታው ጋር ሲታይ ግን ማንን ማለፍ እንደሚቻል አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሥራ መሆኑ ይገለጣል። ጨዋታው የተካሄደው በቀትር ፀሐይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኑም መታወስ አለበት (ደብረ ማርቆስ ከሜክሲኮ ሲቲ ከፍ ስለምትል፣ በዚህ አየር ኳስ ያባረረ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል)።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሙግት አንድ ወጣት፣ ማራዶና በዚያው ጨዋታ በእጁ ያገባትን የመጀመሪያዋን ጎል አንሥቶ፣ "ጋሼ፣ የመጀመሪያዋ እኮ በእጅ ናት፤ ዛሬ ቪኤአር (የቪዲዮ ዳኝነቱ) ይሽራት ነበር" ሲል ባለቤቱ "የመጀመሪያዋን ውሰዳት ልጄ፣ ሁለተኛዋን በምን ትሽራታለህ?" ብለው መለሱለት። መልሱ ቤቱን ቢያስቅም ክርክሩን የሚዘጋ አይደለም፤ ቪኤአር የእጇን ጎል እንደሚሽር ሁሉ፣ ዛሬ ያለው ዳኝነት ለማራዶና ብዙ ነገር ይመልስለት ነበር። ከኋላ ገብቶ ለጉዳት የሚዳርግ አጨዋወት በቀጥታ ቀይ ካርድ እንዲያሰጥ የተደነገገው በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ሲሆን፣ ማራዶና ደግሞ በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ከጣሊያን ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ብቻ 23 ጊዜ ጥፋት ተሠርቶበታል።

የፔሌው እሑድ ግን አላረካኝም። የተመረጠው ጨዋታ ብራዚል በ1958 ስዊድንን 5 ለ 2 የረታችበት የፍጻሜ ጨዋታ መሆኑ ተገቢ ነው፤ የ17 ዓመቱ ልጅ ኳሷን በደረቱ አብርዶ፣ በተከላካዩ ራስ ላይ አሻግሮ፣ መሬት ሳትነካ የመታትን ጎል ማየት ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ችግሩ ለአራት ማዕዘን ቴሌቪዥን የተቀረጸው ጥቁርና ነጭ ፊልም በሰፊው ስክሪን ልክ ተለጥጦ በመታየቱ ነው፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ አጭርና ደንደን ያሉ፣ ኳሷም እንቁላል መሰለች። በእንዲህ ያለ ምስል የፔሌን ቅልጥፍና ከሜሲ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። በሪሞት የሚስተካከል ነገር ሆኖ ሳለ እስከ ፍጻሜው ማንም አልነካውም። ጨዋታው ወደ 1970 ተቀይሮ ጣሊያንን 4 ለ 1 ያሸነፉበት ቢታይ ይሻል ነበር፤ ያ የዓለም ዋንጫ በቀለም ስለተላለፈ ምስሉም ይጠራል፣ ፔሌ ለካርሎስ አልቤርቶ ያሳለፋት የመጨረሻዋ ኳስም ከጎል ያላነሰች ጥበብ ናት።

በግድግዳው ላይ የተለጠፈው የማወዳደሪያ ሠንጠረዥም ሊነሣ ይገባዋል። በሠንጠረዡ ሜሲ በ8 ባሎን ዶር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ይመራል፣ ሮናልዶ በ5 ይከተላል፣ ፔሌና ማራዶና ባዶ ናቸው። ሽልማቱ እስከ 1995 ድረስ ለአውሮፓውያን ብቻ ይሰጥ እንደነበር በአንድ መስመር እንኳ ስላልተጻፈ፣ ታዳጊ ልጆች ቆመው ሲያነቡት ሁለቱ ተወዳድረው የተሸነፉ ይመስላቸዋል። ብቸኛው የባሎን ዶር አሸናፊ ግብ ጠባቂ ሌቭ ያሺንም የለበትም። የራሳችን መንግሥቱ ወርቁ፣ በ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ስንረታ አራተኛዋን ጎል ያገባው፣ ስሙ ከጥግ ቢሰፍር ማን ይከፋ ነበር?

የኔዘርላንዳዊውን የዮሃን ክራይፍን ዝግጅት አልተከታተልኩም። የሜሲና የሮናልዶው እሑድ በጩኸት ብዛት ሙግቱ ባይሰማም፣ የጨዋታ ምርጫው ብልህ ነበር። ለሮናልዶ የተመረጠው ሪያል ማድሪድ በሚያዝያ 2018 ዩቬንቱስን በቱሪን 3 ለ 0 ያሸነፈበት ነው። ሁሉም የሚያስታውሰው የመቀስ ምቱን ቢሆንም፣ ገና በ3ኛው ደቂቃ ኢስኮ ላሻገረው ኳስ ከተከላካዮቹ ቀድሞ የገባበት እንቅስቃሴ የእርሱን ማንነት የበለጠ ይናገራል፤ አብዶኛ ክንፍ ሆኖ የጀመረው ሰው በዕድሜው አጋማሽ ጨዋታውን እንደገና ሠርቶታል፣ ይህን ደግሞ ከሜሲ ደጋፊዎች የሚያደንቅለት ጥቂት ነው። ሜሲ በ2022ቱ ፍጻሜ ከፈረንሳይ ጋር ሲታይ ደግሞ የሚያስገርመው መራመዱ ነው፤ ሌሎቹ ሲሮጡ እርሱ አንገቱን እያዞረ ይራመዳል፣ ኳሷ ስትደርሰው ግን ሜዳውን አንብቦ ጨርሷል። እኔ ለአንድ ውድድር ተጫዋች ምረጥ ብባል የ1986ቱን ማራዶና፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ብባል ሜሲን እወስዳለሁ፤ በፔሌ ላይ ለመፍረድ ግን ያ የተለጠጠ ምስል አይበቃም።

ቤቱን በአጠቃላይ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ወዲያው ይነሣል፣ ከኋላ ያሉት አግዳሚዎች ግን መደገፊያ ስለሌላቸው ጭማሪ ሰዓት ለሚደርስ ጨዋታ አይመቹም። የማራዶናው ዝግጅት እንደሚደገም ተነግሯል፤ መሄድ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ደርሶ ፊት ለፊት ካሉት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ይያዝ፣ ከምሰሶው በስተቀኝ ያሉት ግን የስክሪኑ ጥግ ስለሚጋረድባቸው አይምረጣቸው።